ወንድሜ «ባያድነኝስ?» አለኝ፤ ምን ልመልስለት?

የባለ ባጃጁ እህት (ሐዋሳ)፣ ኅዳር 18

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጣሁና መጣሁ።

የታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶች ከሥራ ውጪ ከሆኑ ሰነበቱ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ይተኛል። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባጃጅ እየነዳ ቤት የሚደጉም ልጅ ነበር፤ ባጃጁ ለሕክምናው ተሸጠ። ስለ ገንዘብ ይህን ያህል ያነሣሁት ነገሩን እንድትረዱት ነው፤ እባካችሁ ማንም የባንክ ሂሳብ ቁጥር እንዳይጠይቀኝ።

ጉዳዬ ሌላ ነው። ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ይጸልዩለታል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከእነሱ አንዷ ግን አንድ የጸሎት ቦታ ይዛው ሄደች። እዚያ አገልጋይ ነኝ ያለ ሰው እጁን ጭኖበት «ፈውስህ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ማሽን ላይ የምትተኛ ከሆነ እምነትህ ጎድሏል ማለት ነው» አለው። ወንድሜም አመነና ቀረ። ከዚያ እግሩ አበጠ፣ ሌሊት ጋደም ማለት አቃተው፣ ትራስ ደርድረን ቁጭ ብሎ እያቃሰተ ሊነጋ ሲል በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል አደረስነው። ተረፈ። ያ ሰው ግን እስካሁን «እንዴት ነህ?» ብሎ አልደወለም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ዝም ብሏል። ትናንት ራት ላይ ሳህኑን እየገፋ «እምነቴ ትንሽ ሆኖ ነው ወይስ እሱ ሊያድነኝ ስላልፈለገ ነው? ባያድነኝስ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። «አይዞህ፣ ይሻልሃል» ማለት እኔን ደክሞኛል፣ እሱንም መስማት ሰልችቶታል። ሐኪሞቹ የሚሉትን ያውቃል። ከዘመድ መካከል የሚስማማ ኩላሊት ያለው እስካሁን አልተገኘም። ተስፋ ማለት «ትድናለህ» ማለት ብቻ ከሆነ የምሰጠው ነገር የለኝም። ሌላ ዓይነት ተስፋ በክርስትናችን ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

ጽናት፣ ኅዳር 18

እህቴ፣ በርቺ። አክስቴ ሐኪም የተዋትን ጌታ በአንድ ሌሊት አንሥቷታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ራሱ የጠላት ነው፤ ወንድምሽ አፉን ይጠብቅ። ያ አገልጋይ የተናገረውም ቢሆን [በአወያዩ ተሰርዟል]

አወያይ፣ ኅዳር 18

ሕክምና አቋርጡ የሚል ወይም ወደዚያ የሚገፋ ምክር በዚህ መድረክ አይቆይም። ምስክርነት መጻፍ ይቻላል።

ነርሷ ከአላሙራ፣ ኅዳር 19

እኅት ዓለም፣ ሥራዬ እዚያው ማሽኑ ዘንድ ስለሆነ ከነፍሱ በፊት ስለ ሥጋው ልናገር። እጥበት መቅረት ጦም እንደ መግደፍ አይደለም። ኩላሊቱ ስለማይሠራ ውኃው ሳንባው ላይ ይጠራቀማል፤ የገለጽሽው ሌሊት ያ ነው። ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ የልብን ምት ያዛባል፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ ሊገድል ይችላል። ያ ሰው ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ ጠያቂዎቻችሁን አስጠንቅቂ። ሐዋሳ ውስጥ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፦ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ በትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጭማቂ። ለጤነኛ በረከት ነው። እኛ ክፍል ግን በፍቅር የመጣ የአቮካዶ ጭማቂ ጠጥቶ በዕለቱ የከፋበት ሰው አይቻለሁ። ድንችም ከሆነ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋ። ጨው ይቀነስ፤ ጨው ጥምን ይጠራል፣ ጥም ደግሞ ውኃን።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠበል። የገብርኤል ቤተሰብ መሆናችሁ ከአጻጻፍሽ ገባኝ፤ እኔም ነኝ። ጠበል በጀሪካን መጠጣት ለእሱ ከሚፈቀደው ውኃ በላይ ነው። በጉንጩ ይቅመስ። ለመጠመቅም ቢሆን መጀመሪያ መስመሩ፣ ማለትም ደሙ ወደ ማሽኑ የሚወጣበትና የሚመለስበት፣ የት እንደሆነ ተመልከቺ። አንገቱ ላይ የተተከለ ቱቦ ካለው ያ ቦታ ፈጽሞ መርጠብ የለበትም፤ ኢንፌክሽኑ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ክንዱ ላይ በቀዶ ሕክምና የተሠራለት ከሆነ ግን ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ሐኪሙን ጠይቁ። ይህን ለካህኑ ስትነግሪያቸው ይረዱሻል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ቢወሰዱ እንደማይጋጩ በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ሰው ክኒኑን ጥሎ ጠበል ቦታ ከርሞ ነበር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ደግሞ ጸሎት ቦታው ለወሰደችው ሴት አንብቢላት፤ ሐኪምን አክብር ይላል፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና።

ጥያቄሽን አልመለስኩም። ያንን ለሚያውቁ ልተው።

ጠያቂው፣ ኅዳር 19

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ እንደ እናንተ አማኝ አይደለሁም፤ ግን ሐቀኛ ጥያቄ አለኝ። ቢድን «እግዚአብሔር አዳነው» ትላላችሁ። ባይድን «ፈቃዱ ነው» ትላላችሁ። በየትኛውም በኩል ተሸናፊ የማይሆን ነገር እንዴት ተስፋ ይባላል? ልጁ የሚያስፈልገው ማሽን፣ መድኃኒትና ዋጋውን የሚጋራ መንግሥት ነው። ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ይመስለኛል።

ዲያቆኑ፣ ኅዳር 19

ማሽንና መድኃኒት ያስፈልገዋል በሚለው ከጠያቂው ጋር አንድ ነን፤ ዋጋውም እንዲሁ። የቀረውን ግን ከዚያው ከከተማችን በዓል ልነሣ።

ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ሰው ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ የምናስበው ምንድን ነው? አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእሳት መዳናቸውን። ሥዕሉ ላይም የምናየው የዳኑትን ነው፤ እሳቱ ከበታች፣ መልአኩ ከላይ። ስለታችንም ሁሉ ከዚያ ይነሣል፦ «እነሱን ያዳንክ እኔንም»። እኔም እሳላለሁ፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ስታነቢ ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ የመለሱትን ልብ በዪ። በቁጥር 17 የምናመልከው አምላክ ሊያድነን ይችላል ይላሉ። በቁጥር 18 ደግሞ፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም። ይህን ሲናገሩ መልአኩ ገና አልወረደም። እሳቱ እንደሚበርድ የነገራቸውም የለም።

እንግዲህ ወንድምሽ ትናንት ራት ላይ የተናገረው ቃል የክህደት ቃል አይደለም። በየዓመቱ የምናከብራቸው ሰዎች እቶን ፊት ቆመው የተናገሩት ነው፤ እነሱ በድፍረት፣ እሱ በፍርሃት ቢለውም ያው ነው። አፉን ይጠብቅ ያለው ወንድማችን ይህን ክፍል ቢያየው ደስ ይለኛል።

ጽናት፣ ኅዳር 19

አራተኛው ሰው መልአክ አይደለም፣ ክርስቶስ ነው። ክፍሉ ራሱ የአማልክትን ልጅ ይመስላል ይላል።

ዲያቆኑ፣ ኅዳር 19

በቁጥር 28 ደግሞ ንጉሡ ራሱ መልአኩን ልኮ አዳናቸው ይላል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ቅዱስ ገብርኤል ነው ትላለች። ሌላ ክር እንክፈትለት?

አወያይ፣ ኅዳር 19

ሌላ ክር ይከፈትለት። እዚህ የተኛ ልጅ አለ።

ጡረተኛው መምህር (ታቦር ሠፈር)፣ ኅዳር 20

ልጄ፣ እኔ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ፤ የዲያቆኑን ጽሑፍ ግን እንደ ራሴ ነው ያነበብኩት። በዚያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜ ያስወራል፣ ታገሡኝ።

«ዳንክ ማለት አመንክ፣ አልዳንክም ማለት አላመንክም» የሚለው ትምህርት በወጣትነቴ አልነበረም ባልልም እንዲህ ገበያ አልወጣም ነበር። ያን ጊዜ ቢነገረን እንስቅ ነበር፤ ምክንያቱም ከመካከላችን በጣም ያመኑት ነበሩ የሚታሰሩት። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተይዘው ተገደሉ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስክሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ማን ነው ደፍሮ እነዚህ ሰዎች እምነት ጎድሏቸው ነው የሚል? እዚያ የጸሎት ቦታ ያለው ሰው ይበል እስቲ።

ወደ ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን በአንድ ትንፋሽ አንብቡት። ቁጥር 34 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ። ሦስት ቁጥር ወረድ ብላችሁ 37 ላይ ስትደርሱ ደግሞ በሰይፍ ተገድለው የሞቱ አሉ። ምዕራፉ አንድ ነው፣ እምነቱም አንድ ነው፤ ለሁሉም ስለ እምነታቸው ተመሰከረላቸው ይላል። ጸሐፊው ያመለጡትን ብቻ ጽፎ ቢያቆም ኖሮ ያ ሰው ትክክል ይሆን ነበር። አላቆመም። ጳውሎስም በእጁ የስንቱ ሕመምተኛ ተፈውሶ ሳለ ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ ትቶት እንደሄደ ለጢሞቴዎስ ይጽፍለታል፤ ስለ ሥጋው መውጊያም ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ጢሞቴዎስንም ለሆድህ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ አለው እንጂ እምነትህን መርምር አላለውም።

ጠያቂው ወንድሜ፣ ያነሣኸው ቀላል አይደለም፤ ስሸሽ አትየኝ። ተስፋችን ውርርድ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነህ፣ በሁለቱም በኩል አሸነፍኩ የሚል ተወራራጅ አጭበርባሪ ነው። እኔ ግን ተስፋ የማደርገው በአንድ ውጤት ሳይሆን በአንድ አካል ነው። እኛ የምናመልከው ሰው ራሱ መስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል፤ በዚያች ሰዓትም ማንም ከመስቀሉ አላወረደውም። በሦስተኛው ቀን የሆነው ግን ሆነ። ይህ ሐሰት ከሆነ ተስፋዬ ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ጳውሎስ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ይናገራል። ስለዚህ ተሸናፊ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም የያዝኩት።

ጠያቂው፣ ኅዳር 20

የመጨረሻዋን አንቀጽ ተቀብያለሁ፤ ማለቴ፣ ምን ላይ እንደቆሙ ገባኝ። አላመንኩም። ግን ያ አገልጋይ የሚሸጠውና እርስዎ የሚሉት አንድ ዕቃ እንዳልሆነ አይቻለሁ፤ ከዚህ በፊት አንድ ይመስሉኝ ነበር።

የአዳማው፣ ኅዳር 21

ባለቤቴ እዚህ አዳማ እጥበት ላይ ነበረች። አርፋለች። ስለዚህ የምጽፈው ካለፈው ወገን ሆኜ ነው።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ብቻ። እኛ ቤት በጣም የጎዳን ሕመሙ አልነበረም፤ ሁላችንም ድናለች እያልን መተወናችን ነበር። እሷ ስለ ልጆቹ ልታናግረኝ ስትፈልግ «ተዪው፣ ሟርት ነው» ይሏታል፤ እሷም ትተዋለች። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ጸሎትም አልጀመሩም። «ምን ያስፈራሻል?» ብቻ ነው ያሏት። ሞት መሰለኝ የምትለው። እሷ ግን «ትንሿ ልጄ ጸጉሯን ማን ይሠራላታል?» አለች። ይህንን በልቧ ይዛ ከርማ ነበር! ከዚያ በኋላ ተነጋገርን፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ተባባልን፣ የቀሩንን ሳምንታት እንደ ሰው ኖርን። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ሁለተኛው። ከቀብር በኋላ «ክርስቲያን አያለቅስም፣ ተስፋ አለን» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ነው እንጂ አትዘኑ አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ አልቅሷል። እኔ አለቅሳለሁ፤ ትንሣኤንም እጠብቃለሁ። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ አንዳንድ ቀን ሳይነጋገሩ ይውላሉ።

ጽናት፣ ኅዳር 21

የአዳማው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አክስቴ የዳነችው እውነት ነው፣ አልመልሰውም። ግን ላልዳነው ሰው እንደ ዱላ መመዘዜ ልክ አይደለም።

የባለ ባጃጁ እህት፣ ኅዳር 22

ሁላችሁንም አነበብኩላችሁ፤ ለእሱም ስልኬን ሰጠሁትና እጥበት ላይ ተኝቶ አነበበ። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ዳንኤል ወይም ስለ ጳውሎስ አይደለም። «ለካ ያን የአቮካዶ ጭማቂ የከለከሉኝ ነርሶች በክፋት አልነበረም» ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው!

ከዚያ የመምህርን ጽሑፍ ደግሞ አነበበ። መምህር፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉት ቁጥር 34 እና 37 ላይ ቆየ። «ያመለጠውም የተገደለውም እኩል ከሆኑ እኔም ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ነኝ ማለት ነው» አለ። ፊቱ ላይ ደስታ ነው ልል አልችልም። ጥፋተኛ ነኝ የሚለው ነገር ግን ወርዶለታል። እኔም «ምን ያስፈራሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ብቻ እኔ ካሰብኩት ፍጹም የተለየ ነበር፤ የሚቻል ነገርም ነበር፣ ጀምረነዋል።

መጸለይ ግን አልቻልኩም ይላል። ዳዊት ሊደግም ይከፍትና ምስጋናው አፉ ላይ አልሄድ ይለዋል። ዲያቆን፣ ምን ትላለህ?

ዲያቆኑ፣ ኅዳር 22

ምስጋና የሌለበትን ይድገም። መዝሙር 87ን፣ እናንተ ቤት ባለው መጽሐፍ ቅዱስ 88 ተብሎ ተቆጥሮ ከሆነ እሱን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰቆቃ ነው፤ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ በጨለማ ያበቃል። ቀና የሚያደርግ መዝጊያ የለውም። እንዲህም ሆኖ አባቶቻችን ከዳዊት አላወጡትም፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ይለዋል። እሱንም ካልቻለ አንቺ በይለት፣ እሱ ይስማ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ለምኖ ሲተኛ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦለት ብላ አለው፣ እሱም በልቶ ደግሞ ተኛ። ንግግሩ የመጣው በኋላ ነው።

ጾሙንም አስመልክቶ፣ የነቢያት ጾም ላይ ነንና ሳይጠይቅ እንዳይቀር፦ የንስሐ አባቱን ያናግር። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እጥበት ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን ፕሮቲን ማግኘት አለበት።

የባለ ባጃጁ እህት፣ ኅዳር 23

እንግዲያው አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይህ ለነርሷ ነው። ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል መሄድ ይፈልጋል። ስለት ሊያስገባ አይደለም፤ ዝም ብዬ ልቁም ነው የሚለው። ዘንድሮ በዓሉ በእጥበቱ ቀን ዋለ። መንገዱም እንደምታውቁት ከማለዳ ጀምሮ ይዘጋል። አንድ ቀን ቢያሳልፍ ምን ይመስልሻል?

ነርሷ ከአላሙራ፣ ኅዳር 23

አያሳልፍም። በዋዜማው ማታ ይሂድ፤ ሕዝቡ ገና አይጨናነቅም፣ መቀመጫም ያገኛል። ወይም ፈረቃውን አስቀይሩለት። ግን ከአሁኑ ጠይቁ፤ በዚያ ሳምንት ፈረቃ ቀይሩልኝ የሚለው ሕመምተኛ ብዙ ነው፣ መዝገቡ ቶሎ ይሞላል። ሲሄድ የሚጨብጠው የውኃ ኮዳ ትንሿ ትሁን። ፀሐይ ላይ አይቁም። ደግሞ መስመሩ አንገቱ ላይ ነው ወይስ ክንዱ ላይ ያልኩሽን እስካሁን አልመለስሽልኝም።

የባለ ባጃጁ እህት፣ ኅዳር 23

ክንዱ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ስለ ፈረቃው እጠይቃለሁ።